አጥንቱ በእጃችን ነው፤ ንባቡስ?

የሰው ዘር አመጣጥ ጥናትና የሳይንስ ተማሪው

«አንትሮፖሎጂ ምንን ያጠናል?» የሚል ጥያቄ ለአንድ የሳይንስ ተማሪ ቢቀርብለት፣ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ባህል፣ ስለ ጋብቻ ሥርዓት፣ ስለ እምነትና ስለ ዘመድ አቆጣጠር የሚያወሳ ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ይሁን እንጂ ግማሽ መልስ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን «አንትሮፖስ» ማለት ሰው፣ «ሎጎስ» ደግሞ ቃል ወይም ጥናት ማለት ነው። በአማርኛ ሥነ ሰብእ እንለዋለን። ሰው ባህል ብቻ አይደለም፤ አጥንትና ጥርስ፣ ደምና ዘረ መልም ነው። ይህኛው የሰው ገጽታ የሚጠናው በመጠይቅና በቃለ ምልልስ ሳይሆን በሚዛን፣ በአጉሊ መነጽር፣ በጨረርና በቀመር ነው።

ሰውን በዚህ ገጽታው ለማጥናት ከኢትዮጵያ የተሻለ ምድር ማግኘት ያዳግታል። ታዲያ የአገራችን የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ይህን የትምህርት ዘርፍ የራሱ አድርጎ የማይመለከተው ለምንድን ነው? ቢመለከተውስ ምን ይዞ ይገባበታል? ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ነው። (ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አራት ቅርንጫፎች፣ አንድ ግንድ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ አንትሮፖሎጂ አራት ቅርንጫፎች አሉት። እነርሱም የባህል አንትሮፖሎጂ፣ የቋንቋ አንትሮፖሎጂ፣ አርኪዮሎጂና ሥነ ሕይወታዊ አንትሮፖሎጂ ናቸው። የመጨረሻው ቀደም ባለው ጊዜ «አካላዊ አንትሮፖሎጂ» ይባል ነበር፤ የሰውን ዘር አመጣጥ፣ የአካል ልዩነቱንና ከአካባቢው ጋር ያለውን መጣጣም ይመረምራል። በብሪታንያ ልማድ ግን ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ከሥነ ሕይወታዊው ተለይቶ፣ ራሱን ችሎ አድጓል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የትምህርት ክፍልም ስሙ እንደሚያመለክተው የማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ ነው፤ መቀመጫውም ከማኅበራዊ ሳይንስ ወገን ነው።

ይህ አከፋፈል አንድ ውጤት አስከትሏል። የባህልን ጉዳይ የሚሻ ተማሪ የሚያንኳኳው በር ግልጽ ነው። የቅሪተ አካልን ጉዳይ የሚሻው ግን በጂኦሎጂ፣ በባዮሎጂ፣ በታሪክና በአርኪዮሎጂ በሮች መካከል ይመላለሳል። ጥናቱ የሁሉም ስለሆነ የማንም ያልሆነ ይመስላል። ቀጥሎ የምንመለከታቸው ምሳሌዎች እንደሚያሳዩት ግን የሥራው አብዛኛው ክፍል የሚከናወነው በሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ በምንማራቸው ዘዴዎች ነው።

ምድሩ ለምን አጥንት አቆየ?

የሰው ቅድመ አያቶች በአፋር ብቻ ኖረዋል ማለት አይቻልም። በአፋር የሞቱት ግን የመገኘት ዕድል አግኝተዋል። በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ሐይቆችና ወንዞች የተሸከሙትን ደለል ለሚሊዮን ዓመታት ሲያነጥፉ ኖሩ። በደለሉ የተቀበረ አጥንት ቀስ በቀስ በማዕድን እየተተካ ወደ ድንጋይነት ተለወጠ። በየጊዜው የፈነዱት እሳተ ገሞራዎች ደግሞ በደለሉ ላይ የአመድ ንጣፍ አለበሱ። በመጨረሻም የምድር ቅርፊት እየተሰነጠቀና እየተነሣ፣ የክረምት ጎርፍም እየሸረሸረው፣ ጥልቅ የነበረው ንጣፍ ወደ ላይ ወጣ። እንግዲህ አጥንት ሊቀርልን ሦስት ነገሮች መገጣጠም ነበረባቸው ማለት ነው፤ የሚቀብር ደለል፣ ዕድሜ የሚናገር አመድ፣ የሚገልጥ ጎርፍ።

ፈረንሳዊው የምድር ሳይንቲስት ሞሪስ ታይብ የሀዳርን ሸለቆ ለሳይንስ ያስተዋወቁት ይህን የአለት አቀማመጥ በማንበብ ነበር። አጥንቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የጂኦሎጂ ተማሪ ይህን ቅደም ተከተል ልብ ሊለው ይገባል።

የአለት ሰዓት

ድንቅነሽ (ሉሲ) ከዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደኖረች በየመማሪያ መጽሐፉ እናነባለን። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ብዙ ሰው የሚያውቀው የካርቦን 14 ዘዴ እዚህ አይሠራም። የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ስለሆነ ከ50,000 ዓመት በላይ በሆነ ናሙና ውስጥ የሚለካ ነገር አይተርፍም። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ማለት ከ550 በላይ ግማሽ ዕድሜዎች ማለት ነው።

መልሱ የሚገኘው ከአጥንቱ ሳይሆን አጠገቡ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የተባሉ ፖታሲየም ያዘሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይገኛሉ። ከተፈጥሯዊ ፖታሲየም ውስጥ እጅግ ጥቂቱ፣ ከ10,000 አቶም አንዱ ያህል፣ ፖታሲየም 40 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው። ይህ አቶም ሲፈርስ ከመቶ 11 ያህሉ ወደ አርጎን 40፣ የቀረው ደግሞ ወደ ካልሲየም 40 ይለወጣል። አርጎን ጋዝ በመሆኑ አለቱ ቀልጦ ሳለ ይተናል። አለቱ ቀዝቅዞ ክሪስታል ከሆነ በኋላ ግን የሚፈጠረው አርጎን ማምለጫ የለውም፤ በውስጡ ይታሠራል። በመሆኑም እሳተ ገሞራው የፈነዳበት ቀን ሰዓቱ ከዜሮ መቁጠር የጀመረበት ቀን ነው።

የፖታሲየም 40 ግማሽ ዕድሜ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ነው። ተማሪው ራሱ ቢያሰላው እንደሚያገኘው፣ በ3.2 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከ1,000 የፖታሲየም 40 አቶሞች የሚፈርሱት 2 እንኳ አይሞሉም። ወደ አርጎን የሚለወጡት ደግሞ ከ10,000 ሁለት ገደማ ብቻ ናቸው። ይህን ኢምንት መጠን ለመለካት አንዲትን ክሪስታል በሌዘር አቅልጦ፣ የወጣውን ጋዝ በማስ ስፔክትሮሜትር መመዘን ያስፈልጋል። በ1994 በታተመው የሀዳር ጥናት የድንቅነሽ ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የተረጋገጠው በዚህ መንገድ ነው።

አመድ ሌላም ምስክርነት ይሰጣል። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ የሆነ ኬሚካዊ አሻራ አለው። በ1967 በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የሆሞ ሳፒየንስ ቅሪተ አካል በ2005 በታተመ ጥናት 195,000 ዓመት ተሰጥቶት ነበር። በ2022 ተመራማሪዎች ከቅሪተ አካሉ በላይ የተነጠፈውን አመድ አሻራ ከሻላ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ጋር አዛመዱት። በዚህም መሠረት የቅሪተ አካሉ ዕድሜ ቢያንስ 233,000 ዓመት ሆነ። አዲስ አጥንት ሳይገኝ፣ በኬሚስትሪ ብቻ፣ የዘመናዊው ሰው ታሪክ በ38,000 ዓመት ወደ ኋላ ተገፋ።

አጥንትና ጥርስ እንዴት ይነበባሉ?

ከድንቅነሽ አጽም የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ነው። ይህ ለአናቶሚ ተማሪ ብዙ ነው። የጭኗ አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ በመሆኑም ጉልበቷ ከሰውነቷ ክብደት ሥር ይውላል። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው። እነዚህ በሁለት እግር ቆሞ የሚሄድ ፍጡር ምልክቶች ናቸው። የራስ ቅሏ ስብርባሪ ግን የአንጎሏ መጠን ከቺምፓንዚ ብዙም የማይርቅ እንደነበረ ያሳያል። ስለዚህ የሰው ዘር በመጀመሪያ ቆሞ ሄደ፤ አንጎሉ የሰፋው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ከዚያ ቀደም ለረጅም ጊዜ የታመነው የዚህ ተቃራኒ ነበር።

በአራሚስ የተገኘችውና የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበችው። ቆማ ትሄድ ነበር፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጥ ነበር። አጽሟ መገኘት የጀመረው በ1994 ሲሆን ዝርዝር ጥናቱ የታተመው በ2009 ነው። ተሰባብሮ የተገኘውን አጽም ለመጠገንና ለመተንተን 15 ዓመት ወስዷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ምናልባት የጥርስ ንባብ ነው። የጥርስ ኢናሜል ሲያድግ በየቀኑ ስስ መስመር ያኖራል፤ በዛፍ ግንድ ላይ እንደሚታየው የዓመት ቀለበት ማለት ነው። በ2000 በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን ሰላም 3.3 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥራለች። ጥርሶቿ በፈረንሳይ ግሬኖብል በሚገኘው ሲንክሮትሮን ጠንካራ የኤክስሬይ ጨረር ሳይሰበሩ ተነሡ። መስመሮቹ ተቆጥረው በ2020 ይፋ በተደረገው ውጤት መሠረት ሰላም የሞተችው በ861 ቀን ዕድሜዋ ነበር፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ የአንዲት ሕፃን ዕድሜ በቀን ተቆጠረ። ይህን ያስቻለው ፊዚክስ ነው።

ጥርስ ምግብንም ይናገራል። ዕፅዋት ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ይለያያል። ዛፎችና ቁጥቋጦዎች፣ ከእህልም ስንዴና ገብስ «ሲ ሦስት» የተባለውን መንገድ ይከተላሉ። አብዛኞቹ የቆላ ሣሮች፣ ከእህልም ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ «ሲ አራት» የተባለውን ይከተላሉ። የኋለኞቹ ካርቦን 13 የተባለውን ከባድ ካርቦን ከፊተኞቹ አብልጠው ይይዛሉ፤ ይህም በተመጋቢው ጥርስ ላይ ታትሞ ይቀራል። በ2013 የታተሙ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በሀዳርና በዲኪካ የነበሩት የድንቅነሽ ዘመዶች ከ3.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ከ«ሲ አራት» ወገን ይመገቡ ነበር። አርዲ ግን በአመዛኙ የጫካ ተመጋቢ ነበረች። ከዚህ እንደምንረዳው ቅድመ አያቶቻችን ከዛፍ ጥላ ወደ ሣር ሜዳ ማዕዳቸውን ያሰፉት በእነዚህ ሁለት ዘመናት መካከል ነው።

ሕያው ሰውም ይጠናል

ሥነ ሕይወታዊ አንትሮፖሎጂ የሙታን ጥናት ብቻ አይደለም። በ2002 በታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ደም ተመርምሮ ነበር። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ደቡብ አሜሪካውያን ይህን ችግር የሚቋቋሙት ሂሞግሎቢናቸውን በመጨመር ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው ብዙም ሳይጨምር በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰዎች ግን የሂሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው የማይለይ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ዓይነት ፈተና ሦስት ሕዝቦች ሦስት መልስ ሰጥተዋል።

ሌላው ምሳሌ በጋሞ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም ነው። ከጆሮው አካባቢ ካለው ጠንካራ አጥንት የተወሰደው ዲ ኤን ኤ በ2015 ሲታተም፣ ከጥንታዊ አፍሪካዊ የተገኘ የመጀመሪያው ሙሉ ጂኖም ሆነ። ጥናቱ ከዚህ ሌላ ከኤውሮእስያ የተመለሰ ሕዝብ በመላው አፍሪካ ተሠራጭቷል የሚል ድምዳሜም ይዞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በኮምፒውተር ትንተናው ላይ ስሕተት መኖሩ ታወቀ፤ በ2016ም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው አስተያየታቸውን አረሙ። ከዚህ የምንማረው ቁም ነገር አለ። የአንድ ሕዝብ የዘር ታሪክ በአንዲት የፕሮግራም ስሕተት ሊዛባ ይችላል። ስሌቱን መመርመር የሚችሉ ባለሙያዎች በበዙ ቁጥር ስሕተቱ ቶሎ ይታረማል።

ማን ያንብበው?

በ1974 በሀዳር ከድንቅነሽ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቅድመ ሰው መንጋጋዎች ተገኝተው ነበር። ያገኟቸው የቡድኑ አባል የነበሩት ኢትዮጵያዊው አቶ ዓለማየሁ አስፋው ናቸው። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ዝርያው «አውስትራሎፒቴከስ አፋሬንሲስ» ተብሎ ሲሰየም ጽሑፉን የፈረሙት ሁለት አሜሪካውያንና አንድ ፈረንሳዊ ነበሩ። አጥንት የማየት ዓይን በአገሩ ነበረ፤ ያየውን የመተርጎም ሥልጣን ግን አልነበረም። ሥልጣን ስንል የትምህርትን ማለታችን ነው።

በ1982 መንግሥት የውጭ ቡድኖችን የመስክ ምርምር አገደ፤ እገዳውም እስከ አሥር ዓመቱ ማብቂያ ገደማ ዘለቀ። በ1988 ኢትዮጵያውያንና የውጭ ባለሙያዎች በጋራ ያካሄዱት የቅሪተ አካል ሥፍራዎች ቆጠራ ተጀመረ፤ እንደ ኮንሶ ያሉ አዳዲስ ሥፍራዎችም በዚሁ ታወቁ። ከዚያ በኋላ የሆነው በሳይንሳዊ መጽሔቶች የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይነበባል። በ1997 የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች ጥናት ቀዳሚ ጸሐፊ ዶክተር ስለሺ ሰማው፣ በ1999 የአውስትራሎፒቴከስ ጋርሂ ጥናት ቀዳሚ ጸሐፊ ዶክተር ብርሃነ አስፋው ነበሩ። በ2001 የአርዲፒቴከስ ካዳባን ግኝት ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ፣ በ2006 የሰላምን ግኝት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ለዓለም አስተዋወቁ። በ2013 በሌዲ ገራሩ የ2.8 ሚሊዮን ዓመቱን የሆሞ መንጋጋ ያገኘው ቻላቸው ሥዩምም በወቅቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር።

የእነዚህ ምሁራን መነሻ አንድ ዓይነት አለመሆኑን ልብ ይሏል። ብርሃነና ዘረሰናይ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ አጥንተዋል፤ ዮሐንስ ግን ታሪክ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን ሁሉም የተከታተሉት በውጭ አገር ነው፤ ብርሃነና ዮሐንስ በበርክሌይ፣ ዘረሰናይ በፓሪስ፣ ስለሺ በራትገርስ። ቻላቸውም መንጋጋውን ሲያገኝ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

እዚህ ላይ የጉዳዩ ክብደት ይገለጣል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የድንቅነሽም አጽም በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይጠበቃል። በመሆኑም አጥንቱ በእጃችን ነው። የአመዱ ናሙና ግን ለመለካት ባሕር ይሻገራል፤ ጥርሱ ለመነሣት ወደ ግሬኖብል ይጓዛል፤ ተማሪውም ለመማር ይከተላቸዋል። አዋጅ አጥንትን ሊያስቀር ይችላል፤ ዕውቀትን ግን ሊያስቀር የሚችለው ዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው።

ይህን ስንል የውጭ ትብብር ይቅር ማለታችን አይደለም። ሲንክሮትሮን ያላቸው አገሮች ጥቂቶች ናቸው፤ ሳይንስም በተፈጥሮው የጋራ ነው። ነገር ግን በትብብር ውስጥ ጥያቄውን የሚያነሣና ናሙናውን የሚያቀርብ ልዩነት አላቸው። ጥያቄ ማንሣት ደግሞ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የአለት ንጣፍ ካርታ መሥራት፣ የዛሬ እንስሳትን አጽም ሰብስቦ ለማነጻጸሪያ ማደራጀት፣ አሃዞችን መተንተን፣ በሙዚየም የተከማቹትን የእንስሳት ቅሪተ አካላት መለየት፣ እነዚህ ሁሉ በአገር ውስጥ ሊሠሩ የሚችሉ ናቸው።

ተማሪው ምን ይዞ ይግባ?

በመጀመሪያ፣ ከአንድ የትምህርት ዘርፍ ጥልቅ መሠረት ይዞ መግባት ይበጃል። የአለት ንጣፍ ማንበብ የሚችል ጂኦሎጂስት፣ አጥንት ከአጥንት መለየት የሚችል ባዮሎጂስት፣ ኢሶቶፕ የሚያውቅ ኬሚስት በየትኛውም ቡድን ውስጥ ቦታ አለው። ስለ ሁሉም ጥቂት ብቻ የሚያውቅ ግን ቦታ ማግኘት ይቸግረዋል።

ሁለተኛ፣ ስታቲስቲክስን እንደ ግዴታ ትምህርት ሳይሆን እንደ ዋና መሣሪያ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ መንጋጋ አዲስ ዝርያ ነው ወይስ የታወቀ ዝርያ ትልቅ አባል? ይህ ሙግት የሚፈታው በልዩነት ስሌት ነው።

ሦስተኛ፣ የመስኩን ሕዝብ ማክበርና ቋንቋውን መማር ነው። «አርዲ» በአፋርኛ ምድር፣ «ራሚድ» ሥር፣ «ጋርሂ» ደግሞ ድንገተኛ ነገር ማለት ነው። ለሄርቶው ሰው የተሰጠው «ኢዳልቱ» የተባለው ስም አዛውንት እንደማለት ነው። የሳይንስ ስሞች የአፋርኛ መሆናቸው ለጌጥ አይደለም። በ2016 በወራንሶ ሚሌ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱን የራስ ቅል መንጋጋ በመጀመሪያ ያየው የዚያው አካባቢ ነዋሪ ነው። ምድሩን ከማንም በላይ የሚያውቁት በእርሱ ላይ ከብት የሚያግዱት ናቸው። እዚህ ላይ ማኅበራዊው አንትሮፖሎጂ ከሥነ ሕይወታዊው ጋር ተመልሶ ይገናኛል፤ ሰውን ማነጋገር የማያውቅ አጥንቱንም አያገኝም።

አራተኛውና የመጨረሻው ትዕግሥት ነው። መስኩ ሞቃት ነው፤ ብዙ ቀን ያለ አንዳች ግኝት ያልፋል። የሰላም አጥንቶች ከተጣበቁበት ጠንካራ አሸዋ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ቅንጣት በቅንጣት ሲላቀቁ ዓመታት አልፈዋል። የሥራ ዕድሉም ጠባብ መሆኑን መደበቅ አይገባም። ይህን ዘርፍ የሚመርጥ ተማሪ የመጀመሪያ ሙያው በራሱ የሚያኖረው እንዲሆን አድርጎ ቢጀምር ብልህነት ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «የሰው ዘር መገኛ» የሚለውን ሐረግ ሲሰማ ያድጋል። ሐረጉ ኩራት ይሰጣል፤ ኩራት ግን ዕውቀት አይሆንም። የሳይንስ ፋኩልቲ ተማሪ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን እንዴት አወቅን? ማስረጃው ምንድን ነው? ስሌቱስ ትክክል ነው? ይህን የሚጠይቁ፣ መልሱንም በራሳቸው እጅ የሚለኩ ተማሪዎች በበዙበት ጊዜ፣ ቀጣዩ አጥንት በተገኘበት አገር ይነበባል።